ጫጩቱ ከታደለ በኋላ

ቢሾፍቱ ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ አምስት መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮ የያዘች አርቢ ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ከመክፈቷ በፊት ቆም ብላ ታዳምጣለች። ጤነኛ ቤት ይንጫጫል። ጸጥ ካለ ልቧ ይመታል። ከጫጫታው መሃል እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ ከሰማችም እንደዚያው። ከገባች በኋላ ዓይኗ እንቁላሉን ከመፈለጉ በፊት ወለሉን ያያል። ኩሱ አረንጓዴና ፈሳሽ ከሆነ፣ አንዲቷ ዶሮ አንገቷን ጠምዝዛ ጥግ ከያዘች፣ ፈንግል ደጃፉን አልፎ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ደህና ከሆነ መኖው ይፈሳል፣ ውሃው ይቀየራል፣ ጉዝጓዙ ይገላበጣል። ረፋድ ላይ እንቁላል ይለቀማል፤ አንዱ እየለቀመ ሌላው በደብተር ይጽፋል። ስንት ተጣለ? ስንት ተሰበረ? ስንት ሞተ? ከአምስት መቶ ዶሮ አራት መቶ እንቁላል የተገኘበት ቀን ጥሩ ቀን ነው። ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አዳማም፣ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም ያሉ አርቢዎች ጠዋት ከዚህ ብዙ አይለይም።

በዚያ ደብተር ሌላኛው ገጽ ላይ ያለው ሒሳብ ነው ነገሩን የሚያከብደው። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አምስት መቶዎቹ በቀን ከግማሽ ኩንታል በላይ ይጨርሳሉ። አራት መቶ እንቁላል ሲገኝ አንዱ እንቁላል 144 ግራም ያህል መኖ ይፈጃል፤ አንድ ኪሎ መኖ ሰባት እንቁላል ገደማ ይወጣዋል ማለት ነው። የመኖው ኪሎ 50 ብር ነው ብንል አንዱ እንቁላል ገና ከማደሪያው ሳይነሳ ከሰባት ብር በላይ በልቷል። ዶሮዎቹ ታመው ወይም ደንግጠው ምርቱ ወደ ሦስት መቶ ቢወርድ የሚበሉት ያን ያህል አይቀንስም፤ የአንዱ እንቁላል የመኖ ወጪ ግን ወደ አሥር ብር ይጠጋል። መድኃኒቱ፣ መብራቱ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የቤቱ ኪራይ ገና አልተነሳም። በዶሮ እርባታ ከጠቅላላ ወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው መኖ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ መንግሥት የእንቁላል ምርት እንዲጨምር አርቢውን ሲደግፍ ድጋፉ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ይህ ደብተር ይናገራል። ድጋፉ ያረፈው ግን ለረጅም ዘመን ሌላ ቦታ ነው።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋትን ሲያስጀምሩ ለአራት ዓመት የታቀደው መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ፣ ማርና ዓሣን በቤተሰብ ማዕድ ላይ ለማብዛት ያለመ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወረዳው ጫጩት ሲታደል፣ ወጣቶች ተደራጅተው ሼድ ሲረከቡ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር በጠባብ ግቢ የሚቆም ባለ ደርብ የሽቦ ቤት ከነዶሮው ሲሰጥ አይተናል። ዕቅዱን የሚያጣጥል ሰው ቢኖር እኔ ከእሱ ጋር አልስማማም። በአገራችን ታሪክ እንቁላል የካቢኔ አጀንዳ የሆነበት ዘመን ብዙ አይደለም።

ጫጩት ማደል ግን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ዓለማያና ጅማ የነበሩት የግብርና ትምህርት ቤቶች ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉትን የውጭ ዝርያዎች አስገብተው ማራባት ጀምረው ነበር። ቆየት ብሎ በየክፍለ ሀገሩ የዶሮ ብዜት ማዕከላት ተቋቋሙ፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ያለው አንዳሳ፣ ኮምቦልቻ፣ ጉብሬ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለገበሬው መጀመሪያ የተሻሻለ አውራ ዶሮ፣ ኋላ ደግሞ ቄብ በቅናሽ ይሰጠው ነበር። አውራው ሲሰጥ የአገሩን አውራ አስወግድ ይባላል። ገበሬው አሻፈረኝ አለ፤ ምክንያትም ነበረው። ነጭ ዶሮ ሜዳ ላይ ለጭልፊት ጎልታ ትታያለች፣ ከውሻ አታመልጥም፣ ለበዓል ስትሸጥም ላባዋና ጉትዬዋ ዋጋ አያወጣላትም። ቄቧም ብትሆን ከማዕከሉ ምቾት ወጥታ ጓሮ ስትጣል ብዙ አልቆየችም።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ጥናት ከአገሪቱ ዶሮዎች 91 በመቶ ያህሉ አሁንም የአገር ውስጥ ዝርያ ነበሩ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው የእደላ ሥራ ያተረፈው ይህን ነው። የሐበሻ ዶሮ ብርቱ ናት፤ ጭራ ትበላለች፣ ራሷን ትጠብቃለች፣ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። እንቁላሏ ግን በዓመት ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ ጥቂት ጥላ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ለእንቁላል ብቻ የተመረጡት የውጭ ዝርያዎች ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን በደህና አያያዝ ሦስት መቶ ገደማ ይጥላሉ። በሁለቱ መሃል ሥጋም እንቁላልም የሚሰጡት ሳሶና ኮኮክ አሉ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ያው ኤጀንሲ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ ቆጥሮ የአገር ውስጦቹ ድርሻ ወደ 79 በመቶ መውረዱን አገኘ። የሌማት ትሩፋት ገና አልተጀመረም። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው ከጫጩት አምራቹ እስከ ገበሬው ያለው መሃል ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተው ኢትዮቺክን የተባለ የግል ድርጅት መቀሌ የነበረውን የመንግሥት ዶሮ እርባታ ተረክቦ ሥራ ሲጀምር ጫጩቱን በቀጥታ ለገበሬው አልሰጠም። የአንድ ቀን ጫጩት በየአካባቢው ላሉ አሳዳጊዎች ይሸጣል። አሳዳጊው በጠበበና በሞቀ ቤት ውስጥ፣ መኖውን እየሰጠ፣ ክትባቱን በየጊዜው እያሰጠ፣ 45 ቀን ገደማ ያቆያቸዋል። ጫጩት ከሁሉ በላይ የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ከሰል ማንደድ ያስፈልጋል፣ ሌሊት መነሳት ያስፈልጋል። ገበሬዋ የምትገዛው ያን ሁሉ ያለፈ፣ ላባ ያበቀለ፣ ጓሮ ውስጥ መጫር የሚችል ዶሮ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛው ደግሞ ገዢና ሻጭን ያገናኛል። የዶሮው ዝርያ ከፈረንሳይ የመጣ ሳሶ ነው፤ ላባው ቀላ ስለሚል ገበያም አልጠላውም። እኔ እንደማየው ይህን ለውጥ ያመጣው ከዝርያው ይልቅ 45 ቀኑ ነው። ዛሬ በመንግሥት በኩል የሚታደለው አብዛኛው ጫጩትም በዚሁ መንገድ ያለፈ መሆኑ የተማርነው ነገር እንዳለ ያሳያል።

ቀጥሎ ክትባት አለ። እዚህ ላይ መንግሥትን ማመስገን ይገባል። በ1956 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተቋቋመው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል፣ የጉምቦሮ፣ የዶሮ ፈንጣጣና ሌሎችም ክትባቶችን እዚሁ ያመርታል። ብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚገዙትን እኛ እንሠራለን። ችግሩ ከፋብሪካው በር በኋላ ነው። ክትባቱ በብልቃጥ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል። ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ አንዳንዱም ከበረዶ ዕቃ ውስጥ መውጣት የለበትም። አምስት መቶ ዶሮ ላላት ለቢሾፍቱዋ ሴት ይህ ችግር አይደለም። አሥር ዶሮ ላላት የገጠር እናት ግን ብልቃጡን የሚከፍትላት የለም። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ዶሮውን ይዞ ካልወጣ፣ ባለሙያው ያንን ቀን አስታውቆ ካልመጣ፣ ክትባቱ ወረዳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀኑ ያልፍበታል። ሙቀት የሚችል የፈንግል ክትባት እዚሁ መመረቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለሙያውን ከቀበሌ ቀበሌ የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌትና ነዳጅ ካልተገኘ ግን ክትባቱ ብቻውን አይሄድም።

በሽታ ደግሞ ገበያንም ይገድላል። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ዓለምን ሲያስጨንቅ በጉብሬው የመንግሥት ማዕከል ጫጩቶች በብዛት ሞቱ። ተመርምሮ ወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ታወቀ፤ እስኪታወቅ ግን ሰዉ ዶሮና እንቁላል ሸሸ፣ ዋጋው ወደቀ፣ በሽታው አጠገቡ ያልደረሰ አርቢ ከሰረ። የምርመራ ውጤትን በፍጥነት ለሕዝብ መናገር አንዱ የመንግሥት ድጋፍ ነው፤ ሪፖርት ላይ ተጽፎ አይቼው አላውቅም እንጂ።

ወደ መኖው እንመለስ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

የእንቁላል ጣይ መኖ ግማሽ ያህሉ በቆሎ ነው። የቀረው አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ጨውና በትንሽ መጠን የሚገቡ ቫይታሚኖችና አሚኖ አሲዶች ናቸው። ኖራው ለቅርፊቱ ነው፤ ሲጎድል እንቁላሉ በእጅ ላይ ይሰበራል። በቆሎውን ከሰው ጋር እንሻማበታለን፤ ዝናብ የጎደለበት ዓመት ዶሮ ከሰው ፊት ልትቀድም አትችልም፣ ልትቀድምም አይገባም። አኩሪ አተሩ ከመተከልና ከጅማ አካባቢ ይወጣል፤ ጥሬው ተጭኖ ወደ ውጭ ሲሄድ የዘይቱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለዶሮ የሚቀረው ፕሮቲንም አብሮ ይሄዳል። የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ባለበት መጋዘን ከከረመ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል። አርቢው "መኖው ተቀየረብኝ፣ እንቁላሉ ቀነሰ" ሲል ብዙ ጊዜ እያወራ ያለው ስለዚህ ነው፤ የሚመረምርለት ግን በቅርብ የለም።

ቫይታሚኑና አሚኖ አሲዱ በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ይህ ወጪ በወራት ውስጥ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። እናት ዶሮዎቹም ከውጭ ስለሚመጡ የጫጩቱ ዋጋም ተከተለ። መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በፊት የእንስሳት መኖን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አድርጓል፤ ይህ በሪፖርት ላይ ፎቶ ባይነሳለትም ለአርቢው ከብዙ ጫጩት ይበልጣል ባይ ነኝ። ቅናሹ መኖ ማቀነባበሪያው በር ላይ ቀርቶ እንደሆነ፣ ወይም አርቢው ጋ ደርሶ እንደሆነ የሚከታተል አካል ግን ሊኖር ይገባል።

በእንቁላል ጉዳይ የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሳይባልበት አይከፈትም። ተናጋሪው ይስቃል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። አርቢው ግን እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ የሚጠብቅበት ኪስ የለውም። ጫጩቷ የመጀመሪያ እንቁላሏን የምትጥለው ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ሰባት ስምንት ኪሎ መኖ ትበላለች። አምስት መቶ ዶሮ የያዘ ሰው አንድ እንቁላል ሳይሸጥ አርባ ኩንታል ገደማ መኖ ይገዛል ማለት ነው። ብዙ የተደራጁ ወጣቶች የሚወድቁት እዚህ ነው። ሼዱ ተሰጥቷል፣ ጫጩቱ ተሰጥቷል፣ ፎቶው ተነስቷል፤ አራተኛው ወር ላይ የመኖ ብር ያልቃል። ዶሮዎቹ ሊጥሉ ሳምንታት ሲቀራቸው ለበዓል ሥጋ ይሸጣሉ። ከወሰዱት ብድር የሚቀራቸው ዕዳ ብቻ ይሆናል።

የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ እንስሳትን አስይዞ መበደር በሕግ ተፈቀደ። በሬና ላም ለባንክ ይገባዋል፤ ዓመት ከመንፈቅ የምትቆይ፣ በአንድ ሌሊት በፈንግል ልታልቅ የምትችል ዶሮ ግን ዋስትና ናት ብሎ የሚፈርም ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። የእንስሳት መድን ለዶሮ ቢስፋፋ፣ ብድሩም የመጀመሪያው እንቁላል ከተጣለ በኋላ መከፈል እንዲጀምር ሆኖ ቢቀረጽ፣ ከአንድ ጊዜ የጫጩት እደላ የበለጠ ይሠራል። የመብራቱ ችግርም አለ። ዶሮ በደንብ እንድትጥል በቀን 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ አገር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ነው የምትሰጠው። ቀሪው ከአምፖል ነው። ማታ ማታ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያለ አርቢ ምርቱ ለምን እንደወረደ ሐኪም ማማከር አያስፈልገውም።

ምርቱ ደግሞ ገበያ ሲወጣ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ፣ ሾላ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት እንቁላል ጎን ለጎን ተደርድሮ ታያላችሁ፤ ትልቁ ቡናማው የፈረንጅ፣ ትንሹ ነጣ ያለው የሐበሻ። "እማማ፣ የሐበሻ ነው?" ትላለች ገዢዋ አገላብጣ እያየች። "የሐበሻ ነው ልጄ፣ አስኳሉን አይተሽ ትመርቂኛለሽ" ይባላል መልሱ። ትንሹ ከትልቁ በውድ ይሸጣል። አስኳሉን ቢጫ የሚያደርገው በአብዛኛው ዶሮዋ የበላችው ሣርና በቆሎ እንጂ ዘሯ አይደለም፤ ይህን የሚያውቅ ብልህ አርቢ ለቤት ውስጥ ዶሮዎቹም ቅጠላ ቅጠል ይሰጣል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስጨንቀው ጊዜው ነው። ዶሮ አትጾምም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙ ቤት እንቁላል መግዛት ያቆማል፤ አምስት መቶዎቹ ግን በቀን አራት መቶውን መጣል አያቆሙም። በሃምሳ አምስቱ ቀን 22 ሺህ እንቁላል ይሆናል። ሆቴሎች፣ ዳቦ ቤቶች፣ የማይጾሙ ቤተሰቦችና ሕፃናት የሚወስዱት ይወስዳሉ፤ የቀረው ከመኖው ዋጋ በታች ይሸጣል፣ ወይም ይበላሻል። ከዚያ ፋሲካ ደርሶ ዋጋው ይንራል፤ ያኔ ግን ብዙ አርቢ በጾሙ ጊዜ ዶሮውን ሸጧል። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ፣ ቀኑ ቀድሞ የሚታወቅ ችግር ነው። አቅም ያላቸው አርቢዎች ጫጩት የሚያስገቡበትን ወር ከበዓሉ ኋላ እየቆጠሩ ይወስናሉ። መንግሥት ሲያድል ግን ወሩን የሚወስነው የበጀት ዓመቱ ነው፤ ጫጩቶቹ እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ሁዳዴ ላይ ይሁን ፋሲካ ላይ ማንም አስቦበት አያውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመሩት የእሁድ ገበያዎች አርቢውን ከሸማቹ ጋር ፊት ለፊት ማገናኘታቸው ይህን ችግር በመጠኑ ቀንሷል። ሌላ ትልቅ በርም አለ። የመዲናዋ የተማሪዎች ምገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን በየቀኑ ያበላል። ከፆም ውጭ ባሉት ቀናት እንኳ በሳምንት አንድ እንቁላል በምናሌው ቢገባ ገዢው ታወቀ፣ መጠኑ ታወቀ፣ አርቢውም ባንክ ፊት የሚያቀርበው ውል አገኘ። እንቁላል ለሕፃናት ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ማብራራት አይገባኝም። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው መቀንጨር እንዳጋጠማቸው ተመዝግቧል፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተገባውም ይህን ለማጥፋት ነው። ኢኳዶር ውስጥ ሕፃናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር ተሰጥቷቸው ቁመታቸው በግልጽ መሻሻሉ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ታይቷል። ማላዊ ላይ ሲደገም ግን ያ ለውጥ አልታየም። እንቁላል ብቻውን ተአምር አይሠራም ለማለት ይህን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ እንቁላል የማያገኝ ልጅ ጉዳት ግን በዚህ አይቀልም።

ወደ ዝርያው ስንመለስ፣ እዚያው ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በሌላ አቅጣጫ ሲደክም ቆይቷል፤ የወለጋውን የሆሮ ዶሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጠ ብርታቷን ሳታጣ እንቁላሏን ለማብዛት። ዝርያ ማሻሻል ዓመታት ይፈጃል፣ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውም፣ ስለዚህም በጀት ሲቀነስ ቀድሞ ይነካል። የውጭ ምንዛሪ በጠፋ ቁጥር ከአውሮፓ እናት ዶሮ ማምጣት እንደሚያዳግተን ካየን በኋላ ይህን ሥራ ችላ ማለት አይገባም።

ስለዚህ ለግብርና ቢሮዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ላይ "ይህን ያህል ጫጩት ታደለ" ከሚለው መስመር ሥር ሁለት መስመር ጨምሩልን። ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? በቀንስ ስንት እንቁላል ይጥላሉ? ቢሾፍቱ ያለችው አርቢ ይህን በየቀኑ በደብተሯ ትጽፈዋለች፤ ወረዳውም መጻፍ አያቅተውም።